ሐራም ከማለታችን በፊት እንጠይቅ



ባለፈው ጁምዓ ማታ ፔንብሩክ ሜዶውስ፣ ታላቅ እህቴ ቤት ቡና እየጠጣን ነበር። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የምትጨርሰው ልጇ ድንገት «የንግድ መርከብ መኮንን መሆን እፈልጋለሁ» አለች። ሳቅን። ካልጋሪ እኮ ናት! ባሕር ለማየት ቫንኩቨር ድረስ ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት አለብሽ። እናቷ ግን አልሳቀችም። ሲኒዋን አስቀምጣ «ሐራም ነው፣ አለቀ» አለች። ልጅቷም ተነስታ ክፍሏ ገባች።

ያ «አለቀ» የሚለው ቃል ነው እንቅልፍ የነሳኝ።

ባሕር የሌለው ሰው መርከበኛ አይሆንም የሚለውን እንተወው። አገራችን ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ የራሷ ወደብ የላትም፤ መርከቦቿ ግን ዛሬም በጅቡቲ በኩል ይሠራሉ። ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ እንኳ የምህንድስና ምሩቃንን ለመርከብ መኮንንነት የሚያሠለጥን ተቋም አለ።

ባሕር ለሴት አይሆንም እንዳንል ደግሞ ታሪካችን እምቢ ይላል። አስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ከሐበሻ ወደ መዲና የተመለሰችው በመርከብ ነው። ዑመር (ረ.ዐ) በሂጅራ ቀድመናችኋል ሲላት ተቆጥታ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ሄደች፤ እሳቸውም ለመርከቡ ሰዎች ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ነገሯት። ኡሙ ሐራም (ረ.ዐ) ደግሞ ባሕር ከሚሻገሩት እንድትሆን ዱዓ እንዲያደርጉላት ነብዩን ጠይቃ፣ ቆጵሮስ ላይ ሞታ እዚያው ተቀበረች።

ይህን ለእህቴ ብነግራት መልሷን አውቀዋለሁ፦ «ሁለቱም ከባሎቻቸው ጋር ነበሩ።» እውነቷን ነው። ስለዚህ ጥያቄው የባሕር አይደለም፣ የሥራውም አይደለም። ጥያቄው የመሕረምና የደኅንነት ነው። ሴት ያለ መሕረም ስትጓዝ ዑለሞች አንድ ዓይነት አልተናገሩም፤ አስተማማኝ አጃቢ ካላት የፈቀዱም አሉ፣ ለሐጅ ብቻ ያሉም አሉ። ይህን የሚመልሰው የሚያውቅ ዓሊም እንጂ የቡና ላይ ፍርሃታችን አይደለም።

ፍርሃቱ ግን ከንቱ ነው አልልም። በ2021 በወጣው የዓለም የመርከብ ባለቤቶች ማኅበራት ጥናት፣ ከ100 መርከበኞች ሴት የሆነችው አንድ ብቻ ናት ቢባል ብዙም አይሳሳትም (1.28 በመቶ ነው)። ረጅም ጉዞ ላይ አንዲት ልጅ ከሃያ ወንዶች ጋር ወራት ትቀመጣለች። እናት ይህን ሰምታ ልቧ ካልደነገጠ ምን ይደንግጥ? ሰላቱ ይቀላል፤ ቀስር አለ፣ ጀምዕ አለ። ቂብላማ ከመርከብ መኮንን በላይ ማን ያውቃል! ምግቡ ያስቸግራል። ከሁሉ የሚከብደው ግን በር ዘግቶ የሚተኛበት ክፍልና ብትበደል አቤት የምትልበት ሰው መኖሩ ነው፤ ኩባንያ ስትመርጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባት ይህን ነው።

እኔ ያየሁት መካከለኛ መንገድ አለ። ካናዳ ውስጥ ለባሕር ዳርቻ ቅርብ ጉዞ ብቻ የሚሰጥ የመኮንንነት ምስክር ወረቀት አለ። ሰሜን ቫንኩቨር የሚገኘው የቢሲአይቲ የባሕር ካምፓስ መኮንኖችን ያሠለጥናል። ከቫንኩቨር አጠገብ ተነስቶ ወደ ቫንኩቨር ደሴት የሚያቋርጠው ትልቁ ጀልባ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው የሚፈጅበት፤ እዚያ የሚሠራ መኮንን ማታ ቤቱ ሊገባ ይችላል። ለምስክር ወረቀቱ በመርከብ ላይ ወራት መለማመድ ግን አይቀርም፤ ይህን ልጅቷ ገና ሳትመዘገብ ማወቅ አለባት።

ይህን ሁሉ ለእህቴ በስልክ ነገርኳት። እሺ አላለችም። ለልጇ ግን «ሐራም» ያለችውን ኡስታዙን እስክትጠይቅ ድረስ አንስታለች። ትናንት ደግሞ ራሷ ደውላ «እዚያ ትምህርት ቤት ሴቶቹ የሚያድሩት የት ነው?» አለችኝ።