የዝንቡ ዓይንና የቢራቢሮው ቀለም



ሞጆ ደረቅ ወደብ ሲባል ኮንቴይነርና ከጅቡቲ የሚመጣ ጭነት ይታሰብዎታል። እኔ የምጽፍልዎ ግን እንደ ሞጆ ባሉ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች የጋሪ ፈረስና ከብት ስለሚያሠቃየው ትልቅ ነካሽ ዝንብ፣ እንዲሁም በየአጥሩ ሥር በሚበቅለው ጦቢያው ላይ ስለሚራባው ብርቱካንማ ቢራቢሮ ነው። በሳይንስ ስማቸው ዝንቡ ታባነስ ቴኒዮላ፣ ቢራቢሮው ዳናውስ ክሪሲፐስ ይባላሉ።

ወንዱ ዝንብ እንደ ቢራቢሮው አበባ ቀሳሚ ነው። ደም የምትፈልገው ሴቷ ናት፤ ያለ ደም እንቁላሏ አይጎለብትም። እንደ ቢንቢ በቀጭኑ አትወጋም፤ ቆዳውን በስለት ቀዳ የፈሰሰውን ትልሳለች። ሕመሙ ብርቱ ስለሆነ እንስሳው ያባርራታል፤ እሷም አፏ ደም እንደነካ ሌላው ላይ ታርፋለች። የቆላ ዝንብ (ፀፀ) በሌለበት አገር ሳይቀር ገንዲ የተባለው በሽታ ከከብት ወደ ከብት የሚሻገርበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

ሁለቱን ሳነጻጽር ከሁሉ በላይ የሚገርመኝ የቀለም ነገር ነው። ነካሽ ዝንቦች ጥቁርና አብረቅራቂ ነገር ይስባቸዋል፤ ሸንተረር ደግሞ ማረፊያቸውን ያሳስታቸዋል። የሜዳ አህያ ሸንተረር ጥቅሙ ይህ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች ጥቂት አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ የጃፓን ጥናት ነጭ ሸንተረር የተቀቡ ጥቁር ላሞች ላይ የሚያርፈው ነካሽ ዝንብ በግማሽ ገደማ ቀንሷል። ቢራቢሮው በፋንታው እንዲታይ ይፈልጋል። ትሉ መርዛማውን የጦቢያው ቅጠል በልቶ ያድጋል፤ መርዙ በሰውነቱ ሲቀር አንዴ የቀመሰው ወፍ ደማቁን ክንፍ ባየ ቁጥር ይሸሸዋል።

ስለዚህ ዝንብን ለማጥፋት ተብሎ በየቁጥቋጦው መድኃኒት ሲረጭ ያሳዝነኛል። የዝንቡ እጭ የሚያድገው በእርጥብ ጭቃ ውስጥ ነው፤ ጦቢያው ላይ የሚያልቀው የቢራቢሮው ትል ነው። ጋሪ ነጂ ከሆኑ ፈረስዎን ነጣ ያለ ወይም ሸንተረር ያለው ጨርቅ ያልብሱት፤ የታቆረውንም ውኃ ያፋስሱ። አጥር የሚመነጥሩ ከሆነ ደግሞ አስቀድመው ቅጠሉን ገልብጠው ይዩ። ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ቀለበት ያለው ትል ካገኙ ክንፍ እስኪያወጣ ይታገሡት። የተክሉ ወተት ዓይን ስለሚጎዳ የነካ እጅዎን ሳይታጠቡ ፊትዎን አይንኩ።