ከቦሌ በኋላ፦ ከሳዑዲ ተመላሾችን አገር ቤት ምን ይጠብቃቸዋል?

ከሳዑዲ ዓረቢያ የተመለሰ ኢትዮጵያዊ ዜና የሚሆነው በአብዛኛው ለአንድ ቀን ነው፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በደረሰበት ዕለት። ባለሥልጣናት ይቀበሉታል፣ ካሜራ ይቀርጸዋል፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ወደ ወሎ፣ ወደ ጅማ፣ ወደ አርሲ ወይም ወደ ሐረርጌ ይሳፈራል። ተመላሹ አገሩ ላይ ይቀራል ወይስ ዳግም በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል ባሕር ያቋርጣል የሚለው የሚለየው ግን ከዚያ ወዲህ ባሉት፣ እምብዛም በማይዘገቡት ወራት ነው።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር በ2013 መጨረሻ ሳዑዲ የመኖሪያ ፈቃድ በሌላቸው የውጭ ዜጎች ላይ እርምጃ ስትወስድ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። በ2017 ሪያድ የ90 ቀናት የምሕረት ጊዜ አውጃ ሌላ ዙር ጀመረች፤ በ2022 ደግሞ ሁለቱ መንግሥታት ከ100 ሺህ በላይ ሰዎችን ለመመለስ ተስማሙ። ከአሥር ዓመት በላይ የዘለቀ ነገር ድንገተኛ ሊባል አይችልም፤ አቀባበሉ ግን ዛሬም የድንገተኛ አደጋ መልክ እንደያዘ ነው።

ስለ ተመላሾች ሲነሳ ቀድሞ የሚጠቀሰው ሥራ አጥነት ነው። ከዚያ ባልተናነሰ የሚያቆስለው ግን የተላከው ገንዘብ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ይመስላል። በሰው ቤት የምትሠራ ሴት ደመወዟን ለዓመታት የምትልከው ለወላጆቿ ወይም ለወንድሟ ነው። ገንዘቡ የቆርቆሮ ቤት ይሆናል፣ የታናናሾች ትምህርት ይሆናል፣ ለጉዞዋ የተበደረችውን ይከፍላል። ባክኗል ማለት አይቻልም። ነገር ግን ቤቱም ቦታው በስሟ አይደለም። ስትመለስ በላቧ በተሠራ ቤት እንግዳ ትሆናለች፤ “ምን ይዘሽ መጣሽ?” የሚለው ጥያቄም በአንደበት ባይወጣ እንኳ በዓይን ይጠየቃል። ከእስር ቤት በቀጥታ ወደ አውሮፕላን የተወሰደች፣ ያልተከፈላትን ደመወዝ ትታ የመጣች ሴት ለዚህ መልስ የላትም። በየመን በኩል የሄደው ወጣት ደግሞ ዕዳው ይጠብቀዋል፦ አጋቾች የጠየቁትን ለመክፈል ከብት የሸጠ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም።

ለተመላሾች ሲቀርብ የቆየው መፍትሔ በማኅበር መደራጀት፣ አጭር ሥልጠና እና ብድር ነው። ብድሩ ግን የነዋሪነት መታወቂያ፣ ቁጠባና ዋስ ይጠይቃል። ለዓመታት ከቀበሌው ርቆ የኖረ ሰው ከሁሉ በላይ የሚያጣው ደግሞ ዋስ የሚሆነውን ሰው ነው።

ሕጉ ለመሄድ እንጂ ለመመለስ ብዙም አልተሰናዳም። ኢትዮጵያ በ2013 ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ጉዞ አግዳ፣ እገዳውን በ2018 አነሳች፤ በመሃሉ የወጣው አዋጅ ቁጥር 923/2016 ተጓዦች ቢያንስ ስምንተኛ ክፍልን እንዲያጠናቅቁና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንዲይዙ አስገደደ። ለዓመታት አረጋውያንን ስትንከባከብ፣ ትልቅ ቤት ስታስተዳድር የኖረች፣ ዓረብኛ አቀላጥፋ የምትናገር ሴት ግን ስትመለስ እንደ ጀማሪ ትመዘገባለች። ያካበተችውን ሙያ መዝኖ ወረቀት መስጠት ከባድ ወጪ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ ለምን እንደተዘነጋ ለመረዳት ያስቸግራል።

በሳዑዲ ተወልደው የልደት ማስረጃ ሳይኖራቸው የመጡ፣ ከአማርኛም ከኦሮምኛም ይልቅ ዓረብኛ የሚቀናቸው ሕፃናት ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል። የአእምሮ ጤናም እንዲሁ፤ ታምማ የመጣች ልጅ ጸበል ትወሰዳለች አሊያም ከሰው ዓይን ተሰውራ ቤት ትቀመጣለች፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ ያለው ከተማ ነው።

ጎረቤቶችም ይህን ያውቁታል። በኅዳር 2013 ኬንያ፣ ሶማሊያና የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን የሶማሊያ ስደተኞች በፈቃዳቸው እንዲመለሱ ተስማምተው ነበር። ከዳዳብ ኪስማዮ ከደረሱት መካከል የቀድሞ መሬታቸውን ማግኘት ያልቻሉት በተፈናቃዮች መጠለያ ሰፈሩ፤ ወደ ዳዳብ የተመለሱም ነበሩ።

በ2024 ኢትዮጵያ 70 ሺህ ያህል ዜጎቿን ከሳዑዲ ለመመለስ ሌላ ዕቅድ ይፋ አድርጋለች። ለእነዚህ ብዙ ነገር ዘግይቷል። ገና ለሚሄዱት ግን ከጉዞ በፊት በሚሰጠው ገለጻ ላይ አንድ ቀላል ነገር መጨመር ይቻላል፦ ለቤተሰብ ከሚላከው ጎን ለጎን፣ በራሷ ስም የተከፈተና እሷ ብቻ የምታዝበት የባንክ ሒሳብ።