ዕዳው የነዋሪው፣ ፊርማው የማን?

የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር መነሻው ሰበታ ነው። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ይህ ሐዲድ በ2009 ዓ.ም. መባቻ ሲመረቅ፣ የኢትዮጵያው ክፍል ወጪ በአብዛኛው የተሸፈነው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ነበር። የመጀመሪያው ምዕራፍ «ሰበታ ሚኤሶ» ተብሎ ይጠራል። ስሟ ተጠርቷል፣ እሷ ግን አልተጠየቀችም። የሰበታ መንገደኛ ባቡር መሳፈር ከፈለገ እንኳ ፉሪ ለቡ ድረስ መሄድ አለበት።

መበደር በራሱ ነውር አይደለም። ሃምሳ ዓመት የሚያገለግልን ድልድይ ሙሉ ወጪ በዚህ ዓመት ነዋሪ ትከሻ ላይ መጫን ግፍ ነው። ልጁም የልጅ ልጁም ይሻገሩበታልና እነሱም ይክፈሉ። ቡራዩ ላይ ክረምት ሲገባ ወንዝ ሰፈርን ከሰፈር ይለያል፤ ሱሉልታ ሜዳው ውሃ ያቁራል። ነዋሪው ለመንገዱ ዛሬም እየከፈለ ነው፦ አንዴ በልማት መዋጮ፣ ሌላ ጊዜ «መንገዱ አይመችም» ብሎ ሒሳብ ለሚጨምር ባጃጅ። መዋጮው ደግሞ ስሙ ነው እንጂ በውዴታ አይደለም። ለቀበሌ ጉዳይ የሄደ ሰው «መጀመሪያ የኮብልስቶኑን ክፈል» ሲባል እምቢ የሚልበት አቅም የለውም።

እንግዲህ ነዋሪው ከፋይ ከሆነ ወሳኝም ይሁን። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ሸገር ለመንገድና ለድልድይ በቦንድ ትበደር፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ብድር በነዋሪው ድምፅ ይጽደቅ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 51 ክልሎች ከአገር ውስጥ የሚበደሩበትን ሁኔታ የመወሰን ሥልጣን ለፌዴራል መንግሥት ሰጥቷል፤ ስለዚህ በሩን የሚከፍት ሕግ ያስፈልጋል። አንቀጽ 43 ደግሞ ዜጎች አካባቢያቸውን በሚነኩ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳብ እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል ይሁን ወይስ አይሁን ተብሎ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቷል። የክልል ዕጣ እንዲወስን የታመነ መራጭ የድልድይ ዕዳን ለመወሰን ምን ይጎድለዋል?

«ሕዝቡ ስለ ወለድ አይገባውም» የሚሉ አሉ። ዕቁብ የጣለ፣ ዕጣ የጠበቀ፣ ዋስ የጠራ ሰው ብድር አይገባውም ማለት ነው? የሚገባቸው ምሁራን በ2007 ዓ.ም. የ1 ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ በ6.625 በመቶ ወለድ ፈረሙ፤ ለስኳር፣ ለኤሌክትሪክ፣ ለኢንዱስትሪ ዞን ነው ተባለ። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ መክፈል ሳይቻል ቀረና አገሪቱ ዕዳዋን ካልከፈሉት ጎራ ተመደበች። የሕዳሴ ግድብ ቦንድ ሲሸጥ ግን ማንም «ሕዝቡ አይገባውም» አላለም። ለኪሱ ሲሆን ብልህ፣ ለድምፁ ሲሆን ጨቅላ!

የሳን ፍራንሲስኮው ጎልደን ጌት ድልድይ የተሠራው እንዲህ ነው። ገበያው በወደቀ በዓመቱ፣ በ1930 እ.ኤ.አ.፣ የስድስት አውራጃ መራጮች የ35 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ በድምፃቸው አጸደቁ፤ ቤታቸውን፣ እርሻቸውንና ሱቃቸውን ዋስትና አድርገው። ድልድዩ በ1937 ተከፈተ፤ ዕዳው በ1971 ከነወለዱ ከድልድዩ ቀረጥ ተከፍሎ አለቀ። እነዚያ መራጮች የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት አልነበሩም። ቤታቸውን ያስያዙ ሰዎች ስለነበሩ ግን አጥብቀው ጠየቁ።

ከባዱ ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ድምፁን ማን ያስቆጥራል? በኦሮሚያ የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ በ2005 ዓ.ም. ከተካሄደ ወዲህ የነዚህ ከተሞች ነዋሪ ምክር ቤቱን ሳይመርጥ ዓመታት አልፈዋል። በ2006 ዓ.ም. ማስተር ፕላኑ ከላይ ሲመጣ የተነሳው ቁጣ ደም አፋስሷል፤ ዕቅዱ የተሰረዘው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሸገር በተቋቋመች በወራት ውስጥ የብዙዎች ቤት ፈርሶ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ሳይቀር መግለጫ አውጥቷል። ትናንት ሳይጠየቅ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ዛሬ «ለመንገድ እንበደር ወይ?» ቢባል በጥርጣሬ ማየቱ አይፈረድበትም።

ይህ ግን ድምፁን ለማስቀረት ሳይሆን ለማጥበቅ ነው የሚያስፈልገው። በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል። ከተሞች በየቤቱ ደጃፍ ገንዘብ መሰብሰባቸው አይቀርም፤ ያ ገቢ ነገ የብድር መክፈያ እንደሚሆን መገመት ነቢይነት አይጠይቅም። ታዲያ ወረቀቱ ላይ «ለልማት» የሚል ቃል አይጻፍ። የትኛው መንገድ፣ ከየት እስከ የት፣ ስንት ብር፣ በስንት ዓመት የሚከፈል፣ ከየትኛው ታክስ፣ ሒሳቡን ማን ኦዲት እንደሚያደርግ ይጻፍ። ተከራዩም ድምፅ ይኑረው፤ ታክሱ ዞሮ ዞሮ ኪራዩ ላይ ይጨመርበታልና። የሱሉልታ ሰው ይህን ሁሉ አንብቦ «ለዘንድሮ ይቅር፣ መጀመሪያ የተጀመረውን ጨርሱ» ካለም ብድሩ ይቅር።