ስለ ወታደር ማሠልጠኛ መሬት አጠባበቅ

አንድ መንግሥት ሠራዊቱን ሲያደራጅ በቅድሚያ የሚታሰበው ስለ ሰው፣ ስለ መሣሪያና ስለ ስንቅ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ወታደሩ ተኩስ የሚማርበት፣ ምሽግ የሚቆፍርበትና ተሽከርካሪ የሚነዳበት መሬትም እንደ መሣሪያው ሁሉ ያልቃል፤ እንደ መሣሪያውም ጠባቂና አዳሽ ያስፈልገዋል። ጠመንጃ ቢሰበር ሌላ ይገዛል፤ በጎርፍ የተወሰደ አፈር ግን በምንም ገንዘብ አይገዛም። ስለዚህ በዚሁ ጉዳይ ላይ ጥቂት ቃል ለማሳሰብ እንወዳለን።

በቀደመው ዘመን ለጦር ትምህርት ተብሎ የታጠረ መሬት በአገራችን አልተለመደም ነበር። ጎበዙ በፈረስ ጉግስና በገና ጨዋታ ሰውነቱን የሚያበረታው በየአገሩ የግጦሽ ሜዳ ላይ ነበር፤ ጨዋታውም ሲያበቃ ሜዳው ለከብቱ ይመለሳል። በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች መምህርነት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ግን የጦር ትምህርት የራሱ ስፍራ ያለው ሥራ ሆነ። ከዚያም በኋላ በየጊዜው እንደ ብላቴ፣ እንደ ሁርሶና እንደ ብር ሸለቆ ያሉ ሰፋፊ ማሠልጠኛዎች ተቋቋሙ።

ለነገሩ ምሳሌ እንዲሆነን የደብረ ኤልያስን አገር እንመልከት። ደብረ ኤልያስ በምሥራቅ ጎጃም በቅኔ ትምህርት ስሙ የታወቀ ነው። ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በዚያ ቅኔ ተምረዋል፤ በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜም ከልዑል ራስ እምሩ ጦር ጋራ ወደ ሽሬ ግንባር ዘምተዋል። እንግዲህ በዚያ አገር ማረሻ፣ መጽሐፍና ጦር ተለያይተው አያውቁም። ከዚያ ወደ ምዕራብ ሲታለፍ ብዙ ወታደሮች የሠለጠኑበት የብር ሸለቆ ይገኛል። የደብረ ኤልያስ ወረዳ ቍልቍል እስከ ዐባይ ይደርሳል፤ የብርም ወንዝ የሚገባው ወደ ዐባይ ነው። በማሠልጠኛው ሜዳና በገበሬው ማሳ ላይ የሚዘንበው ዝናም መድረሻው አንድ ነውና፣ ተጠርጎ የሚሄደው አፈር በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ወደ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ይወርዳል።

የጦር ልምምድ መሬትን የሚጎዳበት መንገድ ብዙ ነው። ከባድ ተሽከርካሪ በክረምት በጥቁር አፈር ላይ ሲመላለስ አፈሩ ይጠቀጠቃል፤ የተጠቀጠቀም አፈር ውሃ አይጠጣምና ዝናሙ በላዩ ይሮጣል። የጎማው ፈለግ መጀመሪያ ቦይ፣ እየቆየ ደግሞ ገደል ይሆናል። በበጋ የጥይት እሳት ደረቁን ሣር ያያይዘዋል፤ ለማገዶ የሚቆረጠው ዛፍም ኮረብታውን ያራቍተዋል። ሳይደፈን የቀረ ምሽግ የከብት እግር ይሰብራል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ሳይፈነዳ የወደቀው ነው። ወታደሩ ሲሄድ እርሱ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜም የሚያገኘው እረኛ ልጅ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ከነበረው ጦርነት በኋላ በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ሕፃናት በዚህ ዓይነት ፈንጂ ሞተዋል፤ አካላቸውም ጎድሏል። ማሠልጠኛ የሰላም ጊዜ ሥራ ነውና እንዲህ ያለ ጉዳት ቢደርስበት ምክንያት ሊሰጠው አይችልም።

«አገር በምትፈራበት ጊዜ ስለ ሣርና ስለ አፈር የሚያስብ ማን ነው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ማሠልጠኛ ለአንድ ዘመቻ ብቻ የሚሆን አይደለም። ሜዳው ገደል ሲሆን ተሽከርካሪ አያልፍበትም፤ ሣሩ ሲያልቅም አቧራው የተኳሹን ዓይን ይጋርዳል። ያን ጊዜ ሌላ መሬት ይፈለጋል፤ የሚፈለገውም መሬት ገበሬ የሰፈረበት ነው። ስለዚህ ያለውን መሬት አለመጠበቅ ማለት ነገ ሌላውን ገበሬ ከይዞታው ማንሣት ማለት ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ እንዲከፈል ያዝዛል። ቢሆንም ካሳ የአባትን መቃብርና የደብርን ጥላ አይተካም።

እንግሊዞች በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1897 ጀምረው ሶልዝበሪ የሚባለውን ሜዳ ለጦር ትምህርት ገዝተዋል። ብዙው ክፍል ማረሻ ስላልነካው በሌላ ስፍራ የጠፋው ሣርና አበባ ዛሬ በዚያ ይገኛል። ነገር ግን በ1943 በዚያው ሜዳ የነበረው የኢምበር መንደር ሕዝብ ለልምምድ ሲባል ከቤቱ ወጣ፤ ከጦርነቱም በኋላ ተመልሶ እንዲኖር አልተፈቀደለትም። ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ተጠብቃ በዓመት በተወሰኑ ቀኖች ትከፈታለች። እንግዲህ ከዚያ አገር አጠባበቁን እንጂ አወሳሰዱን አንማር።

በአገራችንም ሠራዊት የተሰለፈበትና የጥምቀት ታቦታት የሚያድሩበት ጃን ሜዳ አለ። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት የአትክልት ገበያ ወደዚያ ተዛውሮ ሜዳው በጭቃና በብስባሽ ተጎድቶ ነበር። ለ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ግን ገበያው ተነሥቶ ስፍራው ጸዳ። ጃን ሜዳን ያተረፈው የማይታለፍ ቀጠሮ ስላለው ነው። በሩቅ ሸለቆ ያለ ማሠልጠኛ ግን እንዲህ ያለ በዓል ስለሌለው የጽዳቱ ቀን በትእዛዝ ሊቆረጥለት ይገባል።

ስለዚህ ለባለሥልጣኖች የምናሳስበው ይህ ነው። የየማሠልጠኛው ወሰን በካርታ ተጽፎ ለአጎራባቹ ቀበሌ ይታወቅ። መሬቱ በክፍል ተከፍሎ አንዱ ሲሠራበት ሌላው ይረፍ። በክረምት ከባድ ተሽከርካሪ ከተሠራለት መንገድ አይውጣ። ከየተኩሱ በኋላ ያልፈነዳው ተቈጥሮ ይጥፋ፤ ምሽጉም ይደፈን። ካረፈውና ከጸዳው ክፍል ሣሩን ጎረቤቱ ገበሬ አጭዶ ይውሰድ፤ የሣሩ ተጠቃሚ የሆነ ሰው የአጥሩ ጠባቂ ይሆናልና።

ካህናትም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። በጎጃም ኮረብታዎች ላይ የአገሩ ዛፍ የተረፈው በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው፤ ይህም ክልክል ነው የተባለውን ሕዝቡ አክብሮ ስለ ጠበቀ ነው። በኦሪትም ምድር በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ መታዘዙን ሊቃውንቱ ያውቃሉ። እነርሱ ይህን ቢያስተምሩ፣ የአገር ሽማግሌዎችም ከመኮንኖች ጋራ በዓመት አንድ ቀን ወሰኑን እየዞሩ ቢያዩ ብዙ ጠብ ይቀራል።

ወታደር የሚምለው አገሩን ሊጠብቅ ነው፤ ከአገሩም መጀመሪያ በእጁ የሚገባው የሚሠለጥንበት መሬት ነው። እርሱን ጠብቆ ለተከታዩ ቢያስረክብ መሐላውን ከትምህርት ቤቱ ጀመረ ማለት ነው።