ጥቁሩ ድንጋይ ለምን ቀላ?

ከላሊበላ ከተማ ተነሥቶ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ የሚጓዝ ሰው ሁለት ዓይነት የሕንጻ ጥበብ ያያል። የከተማዋ 11 አብያተ ክርስቲያናት ከቀይ የእሳተ ገሞራ አለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው፤ ይምርሐነ ክርስቶስ ግን በዋሻ ውስጥ እንጨትና ድንጋይ እየተፈራረቁ የታነጸ ነው። ይህን ልዩነት የታሪክ ተማሪ በሚገባ ያስረዳል። በዚያው ደጋ የሚገኘውን ሌላ ልዩነት ግን የኬሚስትሪ ተማሪ ልብ አይለውም፤ ጥቁር ድንጋይ ሲሰበር ውስጡ ጥቁር ነው፣ ለአየርና ለዝናብ ሲጋለጥ የኖረው ገጹ ግን ቡናማ ነው። ተማሪው ልብ ያላለው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ እኛ መምህራኑ ስላላሳየነው ነው።

የኦክሲዴሽን ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በቃል እንደሚጠና ዝርዝር ነው። ተማሪው «ኦክሲጅን −2፣ ሃይድሮጂን +1፣ ሶዲየም +1» እያለ ይሸመድዳል፤ በፈተናው ማግስት ይረሳዋል። በእኔ እምነት ግን ነገሩ የሒሳብ መዝገብ እንጂ ዝርዝር አይደለም። ሁለት የተለያዩ አቶሞች በጋራ የያዟቸውን ኤሌክትሮኖች በሙሉ፣ የመሳብ ኃይሉ ለሚበልጠው እንስጥ፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ እኩል እናካፍላቸው። ከዚያም እያንዳንዱ አቶም ለብቻው ከነበረበት ሁኔታ ጋር ሲነጻጸር ስንት እንዳተረፈና ስንት እንዳጎደለ እንመዝግብ። ኤሌክትሮን አሉታዊ ሙል (ቻርጅ) ስላለው ትርፉ በ«−»፣ ጉድለቱ በ«+» ይጻፋል። ሙል በሌለው ውህድ ውስጥ ድምሩ ምንጊዜም ዜሮ ነው።

አሁን ወደ ድንጋያችን እንመለስ። የላስታ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በፈሰሰ ቅልጥ አለት የተገነባ ነው። በጥቁር ድንጋይ (ባዛልት) ውስጥ ከሚገኙት ማዕድናት አንዱ ኦሊቪን ነው። ብረት ያዘሉ ኦሊቪኖች ዋነኛ አባል 2 የብረት፣ 1 የሲሊከንና 4 የኦክሲጅን አቶሞች አሉት። አራቱ ኦክሲጅኖች −8፣ ሲሊከኑ +4 ናቸው፤ ድምሩ ዜሮ እንዲሆን የቀረው +4 ለሁለቱ ብረቶች ሲካፈል ለእያንዳንዱ +2 ይደርሰዋል። ብረቱ አየርና ውሃ ሲያገኘው አንድ ኤሌክትሮን ለኦክሲጅን ይለቃል። ቡናማው ጎታይት 1 ብረት፣ 2 ኦክሲጅንና 1 ሃይድሮጂን አለው፤ ኦክሲጅኖቹ −4፣ ሃይድሮጂኑ +1 ስለሆኑ ብረቱ +3 ነው። ቀዩ ሄማታይት ደግሞ 2 ብረትና 3 ኦክሲጅን ነው፤ ኦክሲጅኖቹ −6 ስለሆኑ ለብረቶቹ የሚቀረው +6 ለሁለት ሲካፈል አሁንም +3 ይመጣል። እንግዲህ ቡናማው ገጽም ሆነ የላሊበላ አለት ቅላት የሚነግሩን ያንኑ ነው፤ ብረቱ ኤሌክትሮን አጉድሏል።

በዚያው ድንጋይ ውስጥ ማግኔታይትም አለ፤ 3 ብረትና 4 ኦክሲጅን። ተማሪው ሲያሰላ ለእያንዳንዱ ብረት 8/3 ያገኝና «ተሳሳትኩ» ብሎ ይሰርዘዋል። አልተሳሳተም፤ ያገኘው አማካይ ነው። ከሦስቱ ብረቶች ሁለቱ +3፣ አንዱ +2 ናቸው። በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ውስጥም ኦክሲጅን −1 የሚሆነው ሁለቱ ኦክሲጅኖች እርስ በርስ ተያይዘው የጋራ ኤሌክትሮኖቻቸውን እኩል ስለሚካፈሉ ነው። ዝርዝር የሸመደደ ተማሪ ይህን «ልዩ ሁኔታ» ብሎ ያልፈዋል፤ መዝገብ የሚይዘው ግን ምክንያቱን ያውቃል።

«ጊዜ የለም፤ ፈተናው የሚጠይቀው መልሱን ብቻ ነው» የሚሉ መምህራን አሉ። ደንቦቹ ፈጣን መሆናቸውን አልክድም። ይሁን እንጂ ምክንያቱን ያልተረዳ ተማሪ ቁጥሩን በእውን የተለካ ሙል አድርጎ ይወስደዋል፤ በድንጋይ ውስጥ ያለው ሲሊከን ግን አራት ኤሌክትሮኖቹን በሙሉ አልተነጠቀም። ዓለም አቀፉ የኬሚስትሪ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ትርጓሜም በተለያዩ አቶሞች መካከል ያለው ትስስር አዮናዊ ነው ተብሎ ሲታሰብ አቶሙ የሚኖረውን ሙል የሚመለከት ነው። ስምምነት ነው፤ ግን እጅግ ጠቃሚ ስምምነት።

ጉዳዩ ከፈተናም ያልፋል። ከ+2 ወደ +3 የሚደረገው ለውጥ ማዕድኑን እያፈረሰ አለቱን ያላላዋል። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ነገ የሚጠብቋቸው የዛሬ ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ የኦክሲዴሽን ቁጥር የመጀመሪያ ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ባለ ዝርዝር ሳይሆን ከደጅ በመጣ አንድ ስባሪ ድንጋይ ይጀመር እላለሁ።