ውሎ ያደረ ጦር



ሰሞኑን በሻይ ቤቱ ጥላ ሥር ብርቱ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ጥያቄው የኢትዮጵያ ጦር ሶማሊያ ውስጥ እስከ መቼ ይቀመጥ የሚል ነው። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ጠላትን በራስ ደጅ ከመጠበቅ በሰው ደጅ መጠበቅ ይሻላል፤ ስለዚህ ጦሩ አስፈላጊ እስከ ሆነ ድረስ ይቆይ አሉ። ሌሎቻችን ዝም አልን። ዝም ያልነው መልስ አጥተን አልነበረም፤ ስደተኛ ስለ ጦር ቢናገር ማን ይሰማዋል ብለን ነው። ዝምታችን ስሕተት ስለ ነበረ ግለ ሂስ አድርገን ዛሬ መልሳችንን በጽሑፍ እናቀርባለን።

አቋማችንን ከመነሻው እንናገር። ወደ ሰው አገር የገባ ጦር ሁሉ ወራሪ ነው አንልም። ተጠርቶ የሚገባ አለ፤ ጎረቤትን ከጥቃት ያዳነም አለ። የምንለው ይህን ነው፦ የመውጫ ቀን ያልተቆረጠለት ጦር የገባበት ምክንያት ቢያልቅበት የሚቆይበትን ምክንያት ራሱ ይፈጥራል። እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ይህ የመንግሥታት ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን የሚል ቢኖር ወደ ጎኑ ይመልከት። ለዱቄትና ለዘይት ከእኛ ጋር ከሚሰለፉት መካከል በኅዳር 2013 ዓ.ም ተከዜን ተሻግረው የመጡ አሉ። በዚያ ጦርነት የኤርትራ ጦር ትግራይ ገብቶ ነበር። መንግሥት ለወራት የለም ሲል ቆይቶ በመጋቢት 2013 ዓ.ም በፓርላማ አመነ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላም እንደ ኢሮብ ካሉ የድንበር ወረዳዎች የኤርትራ ወታደር አልወጣልንም የሚል አቤቱታ ሲሰማ ቆይቷል። ታዲያ የሰው ጦር በደጃችን ሲውል ሲያድር ምን እንደሚመስል ያወቅን ሰዎች፣ የእኛው ጦር በሰው ደጅ ሲሆን እንዴት እጃችንን እናጨበጭባለን? በቋንቋችን «ሰፈረ» ማለት እህል በቁና ለካ ማለት ነው፤ ጦር ድንኳን ተከለ ማለትም ነው። አባቶቻችን በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ያሉት ለሁለቱም ይሠራል።

እንግዲህ ታሪክን እንጠይቅ። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1932 ዓ.ም መጨረሻ ከእንግሊዝ አገር ስደታቸው መጥተው ያረፉት በዚችው በካርቱም ነው። ከዚህ ተነሥተው ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም በኦሜድላ በኩል አገራቸው ገቡ፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ደረሱ። የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞቻችን ጎን ተሰልፎ ፋሺስትን ወግቷል፤ ይህን ውለታ አንክድም። ነገር ግን ጣሊያን ከወጣ በኋላ አዳኙ ጦር አልወጣም። በ1934 እና በ1937 ዓ.ም ሁለት ውሎች ተፈረሙ፤ በሁለቱም ኦጋዴንና ሌሎች ቦታዎች በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ቀሩ። ምክንያቱ የዓለም ጦርነቱ አላለቀም የሚል ነበር። ጦርነቱ በ1937 ዓ.ም አለቀ። ምክንያቱ ሲያልቅ ግን ሌላ ምክንያት ተወለደ፦ በ1938 ዓ.ም የእንግሊዝ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቤቪን የሶማሌ ሕዝብ የሚኖርባቸው ግዛቶች ሁሉ ተጠቃለው በአንድ ሞግዚት ሥር ይሁኑ የሚል እቅድ አቀረበ። ኦጋዴን የተለቀቀው በ1941 ዓ.ም ነው፤ ሐውድ ደግሞ በ1947 ዓ.ም። ለነፃነት የመጣ ጦር አሥራ አራት ዓመት ቆየ ማለት ነው።

የሱዳንም ሕዝብ ይህን ያውቀዋል። የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «በረክስ» እያሉ የሚጠሩት ማደሪያ የእንግሊዝ ጦር ሰፈር የነበረ ነው፤ ስሙ እስከ ዛሬ አልተፋቀም። ጦሩ በ1890 ዓ.ም በከረሪ ጦርነት ድል አድርጎ ከገባ በኋላ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ተቀመጠ። እንዴት ወጣ? እንግሊዝና ግብፅ በ1945 ዓ.ም የተፈራረሙት ስምምነት ቁርጥ ያለ ቀጠሮ ነበረው፦ የሱዳን ፓርላማ የራስን ዕድል የመወሰኑ ሥራ ይጀመር ብሎ ከወሰነበት ቀን አንሥቶ የሁለቱም ጦር ከሦስት ወር ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ይውጣ የሚል ነው። ፓርላማው በነሐሴ 1947 ዓ.ም ወሰነ፤ ጦሩ ወጣ፤ በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም ነፃነት ታወጀ። ሃምሳ ዓመት የቆየው ጦር ቀን ሲቆረጥለት በሦስት ወር ጓዙን ጠቀለለ። መውጣት ውስብስብ ነው፤ ጊዜ ይወስዳል ለሚሉን መልሱ ይህ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ የኩባ ጦር ነው። በሐምሌ 1969 ዓ.ም የዚያድ ባሬ ጦር ኦጋዴንን ወረረ፤ ኩባ ከ15,000 የሚበልጥ ወታደር ልካ ረዳች። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም ነፃ ወጣች፤ በመጋቢት ወራሪው ለቆ ሄደ። ኩባውያን የሞቱት በአፈራችን ላይ ነው፤ የጦርነቱን ወላጅ አልባ ሕፃናትም አገራቸው ወስደው አስተምረዋል። ስለዚህ በእነርሱ ላይ ክፉ ቃል አይወጣንም። ሆኖም ጦሩ፣ ቁጥሩ እየቀነሰም ቢሆን፣ እስከ መስከረም 1982 ዓ.ም ቆየ። በእነዚያ ዓመታት ምን ሆነ? ምሥራቁን የኩባ ጦር ስለ ጠበቀለት ደርግ የራሱን ሠራዊት ወደ ሰሜን አዞረ። ኩባ በኤርትራ አልዋጋም ብትልም ጠመንጃውን ለወንድም ጦርነት ነፃ ያደረገችው እርስዋ ናት። ከመካከላችን ስንቱ ነው በዚያ ጦርነት አባቱን ያጣ፤ ስንቱስ ነው በዚያው ጦርነት ምክንያት በዚሁ በሱዳን ስደተኛ ሆኖ የተወለደ! ገዥ መደብ የእንግዳ ጦር ከጀርባው ሲኖር ከሕዝቡ ጋር ለመታረቅ አይቸኩልም።

አሁን ወደ ሶማሊያው እንምጣ። ጦራችን ታኅሣሥ 19 ቀን 1999 ዓ.ም ሞቃዲሾ ገባ። በጥቂት ሳምንታት ይወጣል ተባልን፤ የወጣው በጥር 2001 ዓ.ም ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ጥር 23 ቀን 2001 ዓ.ም የሶማሊያ ፕሬዚዳንት ሆነው የተመረጡት እነማን ነበሩ? ሼክ ሸሪፍ ሼክ አሕመድ! ጦሩ ሊያባርር የዘመተበት የእስላማዊ ፍርድ ቤቶች ኅብረት መሪ የነበሩት እኒያው ሰው። አልሸባብም ከፍርድ ቤቶቹ ታጣቂዎች አንዱ ክፍል ሆኖ ሳለ በሁለቱ ዓመታት የባዕድን ጦር የሚወጋ አርበኛ ነኝ እያለ ወጣቱን ሰበሰበ፤ አብዛኛውን ደቡብ ሶማሊያ ያዘ። የሞቱት የድሃ ልጆች ሙሉ ቁጥር ግን ለሕዝብ አልተነገረም። እናት ልጅዋ የት እንደ ወደቀ ሳታውቅ ለማን ታልቅስ?

በ2004 ዓ.ም ጦሩ ተመለሰ፤ በጥር 2006 ዓ.ም በአፍሪካ ኅብረት ተልእኮ ውስጥ ገባ። የተልእኮው ስም በ2014 ተለወጠ፤ በ2017 ዓ.ም እንደ ገና ተለወጠ፤ ጦሩ ግን እዚያው ነበር። ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ከሶማሌላንድ ጋር የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ሲፈረም የሞቃዲሾ መንግሥት ተቆጥቶ ጦራችሁ ይውጣ አለ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ግብፅ ለሶማሊያ የጦር መሣሪያ ላከች። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም በአንካራ ዕርቅ ወረደ፤ ይውጣ የተባለውም ጦር በአዲሱ ተልእኮ እንዲቀጥል ተስማሙ። ልብ በሉ፤ ሽብርን ለመዋጋት የገባ ጦር የባሕር በር ክርክር መያዣ ሆነ፤ አንዱ የእንግዳ ጦር ሌላውን ጠራ። የአንዲት ሶማሌ ገበሬ ፈቃድ በየትኛው ውል ላይ ተጻፈ?

ተከራካሪዎቻችን አንድ ጠንካራ ነጥብ አላቸው፤ አንሸሸውም። ጦሩ ከወጣ አልሸባብ ድንበር ይሻገራል ይላሉ። በ2001 ዓ.ም ጦሩ ሲወጣ ባይደዋ ወዲያው በአልሸባብ እጅ መውደቋ እውነት ነው። ነገር ግን ሁለት ዓመት የተቀመጠ ጦር በወጣ ማግሥት ከተማው ከወደቀ፣ ያ ሁሉ መቀመጥ ምን ሠራ? ደግሞም አልሸባብ በሐምሌ 2014 ዓ.ም ድንበር ጥሶ ወደ ሶማሌ ክልል ገብቷል፤ ያን ጊዜ ጦራችን ሶማሊያ ውስጥ ከገባ አሥር ዓመት አልፎታል። ወራሪውን የመከተው በገዛ አፈሩ ላይ የተዋጋ ኃይል ነው። የድንበር ጥበቃ ይጠንክር፤ የሶማሊያ ጦር ይሠልጥን፤ ይህን አንቃወምም። የምንቃወመው ጎረቤትን ቋሚ የጦር ሰፈር ማድረግን ነው።

የገንዘቡንም ነገር እንናገር። የአውሮፓ ኅብረት ለአፍሪካ ኅብረት ተልእኮ በየወሩ በአንድ ወታደር ሒሳብ 1,028 ዶላር ይከፍል ነበር፤ በ2008 ዓ.ም 20 በመቶ ቀነሰ። ክፍያው ሲቀነስ ጦር ላኪዎቹ መንግሥታት ጮኹ። ለሰላም የተላከ ጦር ሰላም ቢወርድ ገቢው ይቋረጣል፤ እንዲህ ያለ ሒሳብ ሰላም እንዲቸኩል ያደርገዋልን? ወታደሩን አንወቅስም፤ እርሱ ደመወዙን ለእናቱ የሚልክ የድሃ ልጅ ነው። የምንወቅሰው በደሙ የሚነግደውን ነው።

ይህ ንግድ እንዴት እንደሚያልቅ ከካርቱም የበለጠ አስተማሪ የለም። በመጋቢት 2007 ዓ.ም የሱዳን መንግሥት ከሳዑዲ ዓረቢያ ጎን ቆሞ ወደ የመን ጦርነት ገባ፤ ከዘማቾቹ ብዙዎቹ የፈጥኖ ደራሹ ጦር ሰዎች ነበሩ። በኅዳር 2012 ዓ.ም ጠቅላይ ሚኒስትር አብደላ ሐምዶክ በየመን የነበረው ጦር ከ15,000 ወደ 5,000 መውረዱን ተናግረው ነበር። የየመን ዘመቻ ለዚያ ጦር ገንዘብ፣ ወዳጅና ልምድ አተረፈለት። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ጦርነቱ ካርቱም ላይ ፈነዳ። በሰው አገር የተማረው ከተማ የመደብደብ ሥራ በገዛ ዋና ከተማው ላይ ዋለ። ደይም የነበርን፣ ጀሬፍ የነበርን፣ ለዓመታት የለቀምናትን ዕቃ ጥለን ለሁለተኛ ጊዜ የተሰደድን ሰዎች ይህን መጽሐፍ ሊነግረን አያስፈልግም። ወደ ሰው አገር የተላከ ጦር አንድ ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሲመለስ ምን ይዞ እንደሚመጣ ላኪው አስቀድሞ ያስብ።

ከዚህም የቀረበ ምሳሌ አለን። በሰኔ 2003 ዓ.ም 4,200 የኢትዮጵያ ወታደሮች ለተባበሩት መንግሥታት ተልእኮ ወደ አብዬ እንዲሄዱ ተወሰነ። ሁለቱ ወገኖች ተስማምተውበታል፤ ዘመኑም ስድስት ወር ተብሎ ነበር። ስድስት ወሩ እየታደሰ አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላ ተቃረበ። በመጨረሻ በፈሸጋ የድንበር ጠብ ምክንያት ሱዳን ሌላ ጦር ይተካ ብላ ጠየቀች፤ በ2014 ዓ.ም በሌሎች አገሮች ወታደሮች ተተካ። የአብዬ ጥያቄ ግን አልተፈታም። ከሰላም አስከባሪዎቹም የትግራይ ተወላጆች የሆኑት ብዙዎች ወደ አገራችን ብንመለስ ያስሩናል ብለው ጥገኝነት ጠየቁ። ስደተኛን ሊጠብቅ የተላከ ወታደር ራሱ ስደተኛ ሆነ! በስምምነት የገባው፣ ከሁሉ የተሻለው ተልእኮ መጨረሻው ይህ ከሆነ የሌላውን ምን እንበል?

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ ማንኛውም ጦር ድንበር ከመሻገሩ በፊት የላኪውም የተቀባዩም ሕዝብ እንደራሴዎች በግልጽ ተከራክረው ይፍቀዱ። ሁለተኛ፣ የመውጫው ቀን በውሉ ላይ ይጻፍ፤ ማራዘም ቢያስፈልግ ክርክሩ ከሀ ይጀመር፤ በዝምታ አይታደስ። ሦስተኛ፣ የሞቱት ቁጥርና የወጣው ገንዘብ በየዓመቱ ለሕዝብ ይነገር። ይህ ለኢትዮጵያ ጦር በሶማሊያ፣ ለኤርትራ ጦር በትግራይ፣ ለሌላውም ሁሉ በእኩል ይሁን። ለወገን የሚጠብ፣ ለባዕድ የሚሰፋ ቁና አንቀበልም።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኛ ከተወጉት ወገን ነንና መርሳት አይፈቀድልንም። ከባይደዋና ከበለደወይን ተፈናቅላ በድንኳን ያለች ሶማሌ እናት ከእኛ ጋር የምትቆም እኅታችን ናት፤ ጦር ሲመጣም ሲቀመጥም ዋጋውን የምትከፍለው እርስዋ ናት።

የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ወገኖች በሚመጣው ቅጠል ላይ ጻፉ፤ ሳንቀንስ ሳንጨምር በእጃችን ገልብጠን እናወጣዋለን። በሻይ ቤት ዝም ማለትን ግን ከዛሬ ጀምሮ ትተናል።