ጠማቂዋና ጋኗ

በክበባችን ጠርሙስ ይዞ የተቀመጠ ሰው ስለ ቢራ ጥበብ ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሣው ፋብሪካንና ፈረንጅን ነው። ቢራ ማለት ከብቅል የተገኘ ስኳር በእርሾ ኃይል ወደ አልኮል የተለወጠበት የእህል መጠጥ ከሆነ ግን፣ በየጓዳችን የሚጠመቀው ጠላ ቢራ ለመሆኑ ክርክር አያስፈልገውም። ጠማቂዋም የቢራ ባለሙያ ናት።

ሙያው ከጥንት ጀምሮ የሴት ነበር። የሱመር ሰዎች የመጠጥ ጠባቂ አድርገው ያመልኳት የነበረችው ኒንካሲ ሴት አምላክ ነበረች። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው መቶ ዘመን የወጣው የሐሙራቢ ሕግም መጠጥ ሻጭን የሚጠራት በሴት አንቀጽ ነው። በዋጋ ያጭበረበረችው ወደ ውኃ እንድትጣል ያዛል፤ በዱቤ ለሰጠችው መጠጥ ደግሞ በመከር ጊዜ እህል እንድትቀበል ይደነግጋል። የደመወዝ ቀን ሲደርስ መንገድ የሚቀይሩ ጠጪዎቻችን ይህን ሁለተኛውን ቢያስተውሉት መልካም ነው።

በአውሮፓ ለቢራ ምሬት የሚሰጠው ሆፕ የተባለው የሐረግ አበባ ነው። በባቫሪያ እ.ኤ.አ. በ1516 የወጣው ሕግ ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕና ከውኃ ብቻ እንዲሠራ አዘዘ፤ እርሾን አልጠቀሰም፣ ምንነቱ ገና አልታወቀምና። በ1842 ዮሴፍ ግሮል በፒልዘን ከተማ የጠመቀው ወርቅማ ቢራ፣ ዛሬ በጠርሙስ ለምንጠጣው አብዛኛው ቢራ አባት ነው። በአገራችን የቅዱስ ጊዮርጊስ ፋብሪካ የተቋቋመው በ1922 ነው። የእኛዋ ጠማቂ ግን ሆፕን ሳትጠብቅ በጌሾ ስትጠቀም ኖራለች።

ሥራዋን ቀረብ ብለን እንመልከት። ጋኑ በግራዋ ቅጠል ታጥቦ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ መዓዛ ከመስጠቱም በላይ ጠላውን የሚያበላሹ ተሐዋስያንን ይቀንሳል። የተወቀጠው ጌሾ በውኃ ይጠነሰሳል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ብቅልና የተቆራረሰ ቂጣ ይገባበታል፤ ቀጥሎም ከተቆላ እህል ዱቄት ተለውሶ በምጣድ ላይ እየተማሰለ የበሰለው እንኩሮ ይጨመራል። ድፍድፉ ሲደርስ ውኃ ተሞልቶበት የጋኑ አፍ ይመረጋል። በዚህ ሁሉ መካከል ሚዛንም ሆነ ሰዓት የለም። ፋብሪካው ኤሚል ሀንሰን በ1883 በኮፐንሃገን ነጥሎ ባራባው ዓይነት ንጹሕ እርሾ ይሠራል፤ እርሷ ግን ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ ግድግዳ የሚመጣውን እርሾ፣ ጆሮዋን ወደ ጋኑ አስጠግታ ፍላቱን በማዳመጥ ትከታተለዋለች።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ባል ለግዳጅ ርቆ ሳለ፣ ደመወዙም ከወሩ መጨረሻ ሳይደርስ ሲያልቅ፣ ብዙ ቤት የሚቆመው በጠላ ገንዘብ ነው። ይኸው ባል ሲመለስ ጓደኞቹን ሰብስቦ «አምጪ እንጂ፣ የቤታችን ጠላ አይደለም?» እያለ ጋኑን በአንድ ምሽት ያስጨርሳል። ጠላው የእንግዳ ክብር ይመስለዋል፤ በውስጡ ግን የሚቀጥለው ጥንስስ ገብስ፣ ጌሾና ማገዶ አለ። ክበብ ውስጥ የጠርሙሱን ሒሳብ ያለ ክርክር የሚከፍል ወታደር፣ ሚስቱ የጌሾ መግዣ ስትጠይቀው ለምን ፊቱን እንደሚያጠቁር አይገባኝም። ለእንግዶቹ የጠጡትን ቢከፍልላቸው፣ በእረፍት ቀኑም ማገዶ ቢፈልጥላት ማዕረጉ አይቀነስም።

ስለ ጥንካሬው አንድ ቃል እናክል። ተራ ጠላ ከ2 እስከ 4 በመቶ፣ ፊልተር ጠላ 5 ወይም 6 በመቶ ያህል አልኮል ይኖረዋል። ጣሳ ግን እንደ ጠርሙስ ጽሑፍ የለበትም፤ ስለዚህ ተረኛ ጠባቂ ከሁለቱም ይራቅ።

በየአገሩ ዘመዶቹ ብዙ ናቸው፦ የጎንደር ኮረፌ፣ የኦሮሞ ፋርሶ፣ የትግራይ ስዋ፣ የደቡብ ቦርዴ፣ ጌሾ የማይገባበት ቀሪቦ። ምርጫዬን ለሚጠይቁኝ፣ ከጠርሙስ ወገን ጥቁር ቢራን፣ ከጋን ወገን ደግሞ ምሬቱ ልዝብ የሆነውን የሰሜን ሸዋ የገብስ ጠላ አስቀድማለሁ። ከረጅም የእግር ጉዞ መልስ ግን ሁለቱንም ትቼ ቅራሪ እለምናለሁ፤ ዋናው ጠላ ከተቀዳ በኋላ በአተላው ላይ ውኃ ተጨምሮ የሚገኘውን፣ ቀጭንና ኮምጠጥ ያለውን፣ ብዙዎች የሚንቁትን።